ከብርጭቆው በፊት ስልኩን

እንደምን አመሻችሁ?

አልተሰማኝም። እንደምን አመሻችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

ያስተዋወቀችኝ እህታችን ስሜን ሳትጠራ ማለፏን አስተውላችሁ ይሆናል። ረስታው አይደለም፤ እኔ ነኝ የለመንኳት። የእኔ ቡድን አባላት በመገናኛ ብዙኃንና በአደባባይ መድረክ ሙሉ ስማችንን አንናገርም። ዛሬ ማታ "ሰውዬው" በሉኝ፣ ይበቃኛል። ሰውዬው 14 ዓመት ጠጥቷል። መጠጥ በአፉ ካልዞረ ደግሞ 8 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል።

የመጣሁት ስለ አንድ ጉዳይ ለማውራት ነው። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ስለሚገናኙባቸው የድጋፍ ቡድን ስብሰባዎች። ነገሩን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ስብሰባ ከየት ይገኛል? ሁለተኛ፣ ከበሩ ወዲያ ምን አለ? ሦስተኛ፣ አንዴ የሄደ ሰው እንዴት ይቆያል? ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ እንቆያለን፤ እኔን የጣለኝም ያነሳኝም እሱ ነው።

ከሦስቱም በፊት ግን አንድ አደራ አለኝ። እዚህ መሃል በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ካለ፣ ንግግሬ ሞቅ አድርጎት "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ጠብታ አልቀምስም" ብሎ ብቻውን ቤቱን እንዳይዘጋ። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጠጥ የለመደ ሰውነት ድንገት ሲቋረጥበት ይናወጣል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይሄ ቀላሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ያሉበትን መርሳት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይሄኛው ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም። መድኃኒት ሊያዝላችሁ፣ ሊያስተኛችሁም ይችላል። ስብሰባ የሐኪም ምትክ አይደለም። ሐኪምም የስብሰባ ምትክ አይደለም። ሁለቱንም ያዙ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። "የት እንደምሄድ ስለማላውቅ ነው ያልሄድኩት" ብሎ የሚያውቅ ማን አለ? እጃችሁን አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱ። እኔ ብዬ አውቃለሁ። 3 ዓመት ሙሉ ብያለሁ። ውሸቴን ነበር። በዚያው 3 ዓመት ውስጥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ መጠጥ የሚሸጥ ቤት የት የት እንዳለ ከነባለቤቱ ስም አውቅ ነበር። ለመጠጥ እንዲህ የሚያነፈንፍ ሰው ለስብሰባ ሲሆን አድራሻ ጠፋው?

አድራሻ ይገኛል። በሰፊው የሚታወቀው ማኅበር አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ በአጭሩ ኤኤ ይሉታል። ስማቸውን የማይናገሩ የአልኮል ሱሰኞች እንደማለት ነው። 180 ገደማ አገሮች ውስጥ ቡድኖች አሉት። ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ያላችሁበትን አገር ስትመርጡ ስልክ ወይም አድራሻ ይሰጣችኋል። ሌሎችም አሉ። "ስማርት ሪከቨሪ" እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ ነው፤ ስለ እምነት አያወራም፣ ሐሳብንና ልማድን መቀየር ላይ ይሠራል። ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አለ። በአካባቢያችሁ ምንም የለም? በስልካችሁ በቪዲዮ የምትገቡባቸው ስብሰባዎች አሉ፤ ካሜራውን ማጥፋት ትችላላችሁ፣ በየትኛውም ሰዓት የሆነ ቦታ አንዱ ክፍት ነው። ሐኪማችሁን ጠይቁ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። መጠጥ ያቆመ የምታውቁት ሰው ካለ እሱን ጠይቁ፤ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ ይዟችሁ ስለሚሄድ።

ስትጠይቁ አንድ ነገር አጣሩ። "ክፍት" የሚባል ስብሰባ አለ፣ "ዝግ" የሚባል አለ። ክፍት ላይ ማንም መግባት ይችላል፤ የቤተሰብ አባል፣ ተማሪ፣ ጉዳዩን ለማወቅ የፈለገ። ዝግ የሚባለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። እናታችሁን ይዛችሁ ዝግ ስብሰባ በር ላይ እንዳትቆሙ ብዬ ነው።

አያችሁ? አድራሻው ችግር አይደለም። ችግሩ ስልኩን ማንሳቱ ነው። ስለ ስልክ ካነሳሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የምሰማውን ሁሉ ብረሳ ይህቺን አልረሳትም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ግንቦት ላይ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለሥራ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ወደምትባል ከተማ ይሄዳል። ሥራው ይከሽፋል። መጠጥ ካቆመ ገና 5 ወሩ ነው። ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል ሎቢ ውስጥ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ይላል። በአንድ በኩል ባሩ አለ፤ ሳቁና ጫጫታው ይሰማዋል። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝርና ስልክ አለ። አንድ ብርጭቆ ብቻ፣ ምን ችግር አለው? ይህቺን "አንድ ብቻ" የምታውቋት ታውቋታላችሁ።

ቢል ወደ ስልኩ ሄደ። ማንን ፈልጎ? መካሪ? አይደለም። አጽናኝ? አይደለም። የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጎ! ለአንድ ቄስ ደወለ። ቄሱ ስሞች ሰጡት። አንዱ ጋ ደወለ፣ ሌላው ጋ ደወለ፣ በመጨረሻ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት ተገኘች። እሷም የምታውቀው አንድ ጠጪ ነበራት፤ ዶክተር ቦብ ስሚዝ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ዶክተር ቦብ በማግስቱ ሲመጣ "15 ደቂቃ ብቻ ነው የምቆየው" ብሎ ነበር። ምክር ሰልችቶታላ! ከ6 ሰዓት በላይ ተቀምጠው አወሩ። ቢል ስላልመከረው ነው። የራሱን ነው የነገረው።

ዶክተር ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። የመጨረሻዋን የጠጣው ጁን 10 ቀን 1935 ነው። ኤኤ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ሐኪሙ በ1950 እስኪሞት አልጠጣም። ይሄ ሁሉ ከአንዲት የሆቴል ስልክ ነው የመጣው።

ሁለተኛው። ከበሩ ወዲያ ምን አለ?

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሕንፃውን 3 ጊዜ ዞርኩት። ስልክ የማወራ መስዬ ነው የምዞረው። ልቤ ድው ድው ይላል። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ሰክሬ መንገድ ላይ ተዘርግቼ ሲያየኝ ያላፈርኩትን፣ ላቆም ስሄድ እንዳያየኝ አፈርኩ። ጉድ እኮ ነው! በአራተኛው ዙር በሩ ላይ የቆመች ሴትዮ ያዘችኝ። "ግባ" አለችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አይ፣ ለጓደኛዬ መረጃ ልወስድ ነው" አልኳት።

"ጎሽ፣ ጥሩ ጓደኛ ነህ" አለችኝ። "ለጓደኛህ ወንበር አለው። እስኪመጣ ድረስ አንተ ተቀመጥበት።"

ገባሁ። ውስጥ ምን አለ? ወንበር አለ። ሻይ አለ። ሰው አለ፤ ከምትገምቱት በላይ የሚስቅ ሰው። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም። ለአዳራሽ ኪራይና ለሻይ ዘንቢል ይዞራል፤ የቻለ ጣል ያደርጋል፣ እንግዳ አይጠበቅበትም። በኤኤ ለአባልነት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ስብሰባው 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 1 ሰዓት ተኩል ነው። አንዱ መክፈቻውን ያነባል። አንዱ ታሪኩን ይናገራል፤ እንዴት እንደነበር፣ ምን እንደደረሰበት፣ ዛሬ እንዴት እንደሆነ። ከዚያ ተራ በተራ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይፈርድም። ተራው ሲደርሳችሁ "ዛሬ ልስማ" ብትሉ ያልፋችኋል። ማንም "ለምን?" አይልም። እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለተኛው አለቀ። አጭር ነው ብያችሁ አልነበር?

ሦስተኛው። አሁን ትንሽ ጠጋ በሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባዬ አልጣመኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ሰውዬ 20 ደቂቃ ሙሉ አወራ። ስለ መኪናው ነው መሰለኝ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስታለቅስ የምገባበት ጠፋኝ። እየሰማሁ በልቤ ዝርዝር እይዛለሁ። ይሄኛው ሥራውን አጥቷል፣ እኔ ግን ሥራ አለኝ። ያቺኛዋ ትዳሯ ፈርሷል፣ የእኔ ግን ቆሟል። ያኛው ታስሯል፣ እኔ ታስሬ አላውቅም። "እኔ እንደነዚህ አልሆንኩም" ብዬ ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በ11 ወር ውስጥ አልሆንኩም ያልኩትን ሁሉ ሆንኩት። ሥራው ሄደ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወጣች። አንድ ሌሊትም ጣቢያ አደርኩ። ዝርዝሬን በቅደም ተከተል ነው የጨረስኩት!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። አንድ ስብሰባ አይታችሁ "አይሆነኝም" አትበሉ። እያንዳንዱ ቡድን የየራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ወጣት ይበዛበታል፣ አንዱ ሽማግሌ። አንዱ ጸሎት ያበዛል፣ አንዱ ሳቅ። ቢያንስ 6 የተለያዩ ስብሰባዎች ሂዱ። 6! አንድ ጊዜ መጥፎ ቢራ ስለጠጣን መጠጥ አቁመን እናውቃለን እንዴ?

ከ11 ወር በኋላ ሌላ ቡድን ሄድኩ። ቀድሜ ደረስኩ፣ የምሄድበት ስላልነበረኝ። አዳራሹ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ያንቀጫቅጫሉ። ሁሉም "ጋሼ" ነበር የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንተ ልጅ፣ ወንበር መደርደር ትችላለህ?" አሉኝ። 41 ዓመቴ ነበር። ልጅ ካሉኝ ቆይቷል። "ወገቤ አይችልም" አሉ።

32 ወንበር ነበር። ጥግ ላይ ያለችው አንደኛው እግሯ አጠር ያለ ነው፤ ሥሩ የታጠፈ ካርቶን ካላደረጋችሁለት ትወዛወዛለች። ጋሼ ካርቶኑ የት እንደሚቀመጥ አሳዩኝ፤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስቴ አጠፍኩት። ስብሰባው ሲያልቅ "ሐሙስ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ና፣ ማን ይደረድርልኛል?" አሉኝ። እኔም ሄድኩ። ለመዳን አይደለም የሄድኩት፣ እውነቴን ነው። ለወንበሮቹ ነው። በዚያ ወር ማንም ሰው ምንም ነገር አደራ አይሰጠኝም ነበር፤ ልጆቼን እንኳ። ጋሼ 32 ወንበር ሰጡኝ።

ከስንት ወር በኋላ ነው፣ ጋሼ የአዳራሹን ጠረጴዛ ብቻቸውን አንስተው ሲያዞሩ አየኋቸው። ወገባቸው ምንም አልነበረም።

እንግዲህ መቆየት ማለት ይህ ነው። ቀድማችሁ ድረሱ። ሥራ ጠይቁ፤ ሻይ ማፍላት ቢሆን፣ ብርጭቆ ማጠብ ቢሆን። ሲያልቅ ሮጣችሁ አትውጡ። ትልቁ ነገር ያለው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ባለችው 15 ደቂቃ፣ ደጃፉ ላይ ነው። ስልክ ቁጥር የሚሰጣጡት እዚያ ነው።

ጋሼም ቁጥራቸውን እዚያ ሰጡኝ። ከዚያችው ካርቶን ቀደድ አድርገው ጻፉልኝ። "ከመጠጣትህ በፊት ደውል" አሉኝ። "ከጠጣህ በኋላማ ምን ላደርግልህ? ትዘፍንብኛለህ እንጂ።" ቀጠሉና "ደግሞ ሲጨንቅህ ብቻ አይደለም። ዝም ብለህ ሰላም ለማለት በየቀኑ ደውል። የቸገረህ ቀን ስልኩ እንዳይከብድህ።"

ይህቺን ያዙልኝ። የቸገራችሁ ቀን ስልኩ 1 ኩንታል ነው። ቀድማችሁ ካልተለማመዳችሁ አታነሱትም።

6ኛው ሳምንት ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልተከፈተም። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። ካርቶኗን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ። ደወልኩ። ጋሼ አንድም ምክር አልሰጡኝም። "ራት በልተሃል?" አሉኝ። አልበላሁም። "ዛሬ ማን አናደደህ?" ነገርኳቸው። "ከማን ጋር ዋልክ?" ከማንም። "መቼ ተኛህ?" እንጃ። ረሃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ ድካም። እኛ ቤት እነዚህን አራቱን ቆጥረን ነው መጀመሪያ የምንጠይቀው፤ መጠጥ አማረኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ይዞታል። እኔን አራቱም ይዘውኝ ነበር። "ተነስና አንድ ነገር ብላ፣ ስልኩን ግን አትዝጋው" አሉኝ። እያኘክሁ ሰማኋቸው። ስለ ራሳቸው የመጨረሻ ጠርሙስ አወሩልኝ፣ ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ። ሲነጋጋ ዘጋን። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነበር።

ሐሙስ ዕለት "ጋሼ፣ እንቅልፍ ስለነሳሁዎት ይቅርታ" አልኳቸው።

"ምን እንቅልፍ አለኝ!" አሉኝ። "ያን ማታ እኔም ደህና አልነበርኩም። እግዜር ይስጥህ፣ ደወልክልኝ።"

19 ዓመት ያልጠጡ ሰው ናቸው! አሁን የሆቴሉ ስልክ ትዝ ይበላችሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው በኤኤ ስፖንሰር እንለዋለን። ገንዘብ የሚሰጥ አይደለም። ቀድሞ ያቆመ፣ የኤኤ አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸውን 12 እርምጃዎች አብሯችሁ የሚሄድ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ስትመርጡ አትቸኩሉ። ሴቶች ሴት ምረጡ፣ ወንዶች ወንድ። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ስብሰባ የመላእክት ጉባኤ አይደለም። አዲስ መጪን ለፍቅር የሚያሽኮረምም ሰው፣ ብድር የሚጠይቅ ሰው፣ "ሐኪምህ ያዘዘልህን መድኃኒት ጣለው" የሚል ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። ከእሱ ሽሹ፤ ለቡድኑ መሪ ተናገሩ፤ ካልሰማ ቡድን ቀይሩ። ስብሰባን ግን አትተዉ።

"እኔ እኮ ሃይማኖተኛ አይደለሁም፣ ኤኤ ደግሞ ፈጣሪን ያነሳል" የሚለኝ ሰው አለ። ያነሳል። "በገባን መጠን" ብሎ ነው የሚያነሳው፤ ቡድኑን ራሱን ከእኔ የሚበልጥ ኃይል አድርገው የያዙ አውቃለሁ። ያም ካልሆነላችሁ ቅድም የጠቀስኳቸው ሌሎቹ አሉ። ሰበብ አይሁናችሁ ነው የምለው።

"ይሠራል ወይ?" የሚል ደግሞ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ድርጅት 27 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ፤ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው። ባለሙያ በሥርዓት ወደ ኤኤ ከሚያስገባቸው ሰዎች ከመቶ 42ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ጭራሽ አይጠጡም ነበር። በሌሎች ሕክምናዎች ከመቶ 35። አያችሁ፣ ተአምር አይደለም። ከመቶ ከግማሽ በላዩ አሁንም ይወድቃል። እኔም በ9ኛው ወር ላይ ወድቄያለሁ። 4 ቀን ጠጣሁ። በ5ኛው ቀን አፍሬ፣ ሸትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። የምቆጥረው 8 ዓመት ከ4 ወር ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጋሼ ምን አሉኝ? "ወንበሮቹ አልተደረደሩም" አሉኝ።

ለቤተሰቦች አንዲት ቃል። ጠጪውን አንገቱን ይዛችሁ ስብሰባ ብታስገቡት ሰውነቱ ይገባል፣ እሱ ይቀራል። ለእናንተ ግን የራሳችሁ ክፍል አለ። አል-አኖን ይባላል፤ የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሌላ ሴት ጋር የመሠረተችው ነው። እሱ ባይሄድም እናንተ ሂዱ። ባለቤቴ ከእኔ በፊት ነው የሄደችው። እኔ መጠጥ ቤት እያለሁ እሷ እዚያ ቁጭ ብላ ነበር።

ሰዓቴን እያዩብኝ ነው። አዳራሹን በ2 ሰዓት ማስረከብ አለብን።

ጥያቄ ያለው በሩ ጋ ያግኘኝ። የተቆራረጠ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ቁጥሬን እጽፍለታለሁ፣ "ለጓደኛዬ ነው" ቢለኝም እጽፍለታለሁ። እስከዚያው ግን እነዚህ ወንበሮች ታጥፈው ግድግዳው ጋ መደገፍ አለባቸው። 2 ወይም 3 ሰው ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል። አንተ እዚያ ከኋላ፣ ቅድም ጀምሮ በሩን የምታየው ወንድሜ፣ ና እስቲ።

ወገቤ አይችልም።